መረቡ በማን ልክ ተሰቀለ?

ሴት ልጅ ካለችዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነበርን? የወንድ ልጅዎ ጫማ አቧራ መልበሱን ሳያዩትም ያውቁታል፤ ምናልባትም «አሁን ይህን ማን ሊያጥበው ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። የሴቲቱ ጫማ ግን እንደ ጠዋቱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «ልጄ ጨዋ ናት» ብለን ደስ ይለናል እንጂ፣ ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ የት ተቀምጣ ዋለች ብለን አንጠይቅም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ንጹሕ ጫማ ከነበራቸው ልጆች አንዷ ነበረች። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳሱን ይዘው ወደ ሜዳ ይሮጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠን የወንዶቹን ሹራብና ደብተር እንጠብቃለን። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ከመቶ ሰማንያ አምስት ይሰጡን ነበር። ሹራብ በመጠበቅ እንዲህ ያለ ማርክ ያገኘ ሰው በሌላ አገር ይኖር አይመስለኝም።

ይህን የረሳሁትን ነገር ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት ስለ ወተት ላሞች አያያዝ ለመጻፍ የሄድሁበት አንድ የግብርና ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። ስለ ላሞቹ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ዛሬ የማወጋዎት ከላሞቹ በረት ጀርባ ስላየሁት ሜዳ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የግብርና ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። የአምቦው በ1939 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የጅማው በ1945 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የዓለማያው ኮሌጅ፣ ማለትም የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥር 1950 ዓ.ም. ተመርቋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ በየክልሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች ተከፍተው፣ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቀደ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የወንድ ቤት ነበሩ። ማደሪያው፣ የሥራ ልብሱ፣ ቦቲ ጫማው፣ የአካፋው እጀታ ሳይቀር በወንድ ልክ ተሰፍቶና ተጠርቦ ከቆየ በኋላ ነው ሴቶቹ የገቡበት።

አሁን በሄድሁበት ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ላም ያልባሉ፤ ችግኝ ያጠጣሉ፤ መደብ ይቆፍራሉ። ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከተግባር ትምህርት ሲወጡ ተመለከትሁ። በኮሌጁ ዋና ሜዳ ወንዶቹ መረብ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሴቶቹስ የት ናቸው ብዬ ስጠይቅ አንዲት ልጅ ከፊቴ ቀድማ ከበረቱ ጀርባ፣ ዝሆኔ ሣር ከተተከለበት መደብ አጠገብ ወሰደችኝ።

እዚያ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ተተክለዋል። በመካከላቸው በድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ የተጠጋገነ አሮጌ መረብ ተወጥሯል። የሜዳው መስመር ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀለም ግን አይደለም። አሲዳማ አፈር የሚታከምበት ኖራ ነው፤ ከመጋዘኑ ወለል ላይ ተጠርጎ የመጣ። ወርዱ 9 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር ሆኖ በትክክል ተለክቷል፤ ማሳ መለካት ለሚማሩ ልጆች ይህ የሚያስቸግር አይደለም።

የቡድኑ አምበል የሁለተኛ ዓመት የእንስሳት እርባታ ተማሪ ናት። ይህ ሜዳ ለምን እንደተሠራ ስጠይቃት መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን እንዲህ አለችኝ።

«እትዬ፣ እዚያኛው ሜዳ ላይ ስንጫወት ይስቁብን ነበር። ኳሷን ወደ ላይ ገፍተን ከማሳለፍ በቀር መምታት አንችልም። ሴት ልጅ መረብ ኳስ አይሆንላትም ይሉናል፤ እኛም አመንን። አንድ ቀን ከማሳ ልኬት ትምህርት ስንመለስ ሜትሩ በእጄ ነበርና መረቡን ለካሁት።»

መረቡ ሁለት ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የስፖርቱ ሕግ ለወንዶች የሚያዘው ከፍታ ይህ ነው። ለሴቶች የሚያዘው ሁለት ሜትር ከ24 ነው። ልዩነቱ 19 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ነገር ግን እጅዎን ዘርግተው ሲዘሉ ያቺ ስንዝር ኳሱን በመምታትና መረቡን በጥፍር በመቧጨር መካከል ያለች ስንዝር ናት። እነዚህ ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ «አይሆንላችሁም» ሲባሉ የኖሩት በወንድ መረብ ሥር ሆነው ነው።

በሌላውም የስፖርት ዓይነት እንዲሁ ነው። በአሎሎ ውርወራ ወንዶች የሚወረውሩት 7 ኪሎ ከ260 ግራም ሲሆን የሴቶቹ 4 ኪሎ ነው። የወንዶቹ ጦር 800 ግራም፣ የሴቶቹ 600 ግራም ይመዝናል። የቅርጫት ኳሱም የእጅ ኳሱም ለሴቶች አነስ ያለ ነው። ይህ ለሴት የተደረገ ምጽዋት አይደለም። ለአጭር ሰው ረጅም ሱሪ ሰፍቶ «መራመድ አይችልም» የሚል ልብስ ሰፊ ቢኖር ጥፋቱ የማን ነው?

የስፖርት መምህሩን አነጋገርኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። በሜዳው ላይ የቆሙት የብረት ምሰሶዎች መንጠቆ የተበየደላቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን ወስደው አሳዩኝ፤ መረቡን ዝቅ ለማድረግ ሌላ ሁለት መንጠቆ ማስበየድ ያስፈልጋል። «ደብዳቤ ከጻፍሁ ስምንት ወር ሆነኝ» አሉ። ሁለት መንጠቆ! የአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ለወንዶቹ ቡድን መለያ ልብስ በዚያው ዓመት መገዛቱን ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ፤ እኔም አልጨቀጨቅኋቸውም።

ምናልባት እርስዎ «ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩና ሲያልቡ ለዋሉ ልጆች ደግሞ ስፖርት ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ልምምዳቸውን ተቀምጬ ሳይ ነው።

በመረብ ኳስ ኳሷ ወደ ሁለት ተጫዋቾች መካከል ስትመጣ ከሁለቱ አንዷ «የኔ!» ብላ መጮህ አለባት። ካልጮኸች ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ ሁለቱም ይተዋታል። አምበሏ እንደነገረችኝ ቡድኑ በተቋቋመበት ሰሞን ኳሷ ሁልጊዜ በሁለት ልጆች መካከል ትወድቅ ነበር። መቻል አቅቷቸው አልነበረም፤ አንዷ ለሌላዋ ስትተውላት ነው። እኛ እናቶች ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ለሰው ቅድሚያ ስጪ፣ ድምፅሽ ከደጅ አይሰማ እያልን ያሳደግናቸው ልጆች «የኔ!» ብሎ መጮህ ከየት ይምጣላቸው? «ጎረምሶች በሚያልፉበት መንገድ አጠገብ የመጀመሪያ ጊዜ ስጮህ በዓይኔ እንባ መጣ» አለችኝ አንዲት ቀጭን ልጅ፤ አሁን ግን ከሁሉ የበለጠ የምትጮኸው እሷ ናት።

ይህችን ነገር እንደ ቀላል አይዩብኝ። እነዚህ ልጆች ተመርቀው ሲወጡ ሥራቸው ምን እንደሆነ ያስቡት። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግር መሄድ፣ ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ደግሞ አባታቸው የሚሆኑ ገበሬዎች በተሰበሰቡበት ቆሞ «ይህን ዘር በመሥመር ዝሩ፤ ያቺን ጥጃ አስከትቡ» ብሎ ማስረዳት ነው። በመስክ ልምምድ ጊዜ ምን እንደሆነ አምበሏ አጫውታኛለች። ከአንድ የሰብል ማሳ ዳር አርባ ያህል ገበሬዎች ተሰብስበው ሳለ ንግግሩ የሷ ተራ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት አልሰማንም ሲሉ አብሯት የነበረው ወንድ ተማሪ «እኔ ልንገራቸው» ብሎ ተነሣ። «የኔ ነው አልሁት» አለችኝ እየሳቀች፤ «ሳላስበው ነው የወጣኝ። ከዚያ ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።»

እናቷ ግን ይህን አታውቅም። እናትየዋ ከኮሌጁ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ልጃቸው ኳስ እንደምትጫወት ከአንድ የአገራቸው ልጅ ሰምተው በስልክ የተቆጧትን ቁጣ ቃል በቃል ነግራኛለች። «ላም ማለቡን እኔም አስተምሬሽ ነበር፤ የላክሁሽ ወረቀት እንድትይዢ ነው። ዝላይሽ ከወረቀቱ ላይ ይጻፋል ወይ?»

እውነታቸውን ነው፤ አይጻፍም። በዚህ ላይ እኔም የምመልስላቸው አጣሁ። ነገር ግን እናትየዋ የሚፈሩት ይህን ብቻ አይመስለኝም፤ እኛም የከተማ እናቶች በልባችን የምናብላላውና በአፋችን የማንናገረው አንድ ሥጋት አለ። በግልጽ እንነጋገርበት። ብዙ እናቶች ሴት ልጅ ብትሮጥና ብትዘል ክብረ ንጽሕናዋን ታጣለች ብለው ይፈራሉ። የሕክምና ሳይንስ ይህን ሥጋት አይቀበለውም። ሩጫና ዝላይ ለሴት ልጅ አካል የሚያመጡት እንዲህ ያለ ጉዳት የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ባወጣው መግለጫ፣ የልጃገረድነት ምርመራ የሚባለው ነገር ምንም የሳይንስ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል። ክብር የሚለካው በምግባር እንደሆነ እያወቅን ልጆቻችንን በፍርሃት ማሠራችን ይገርመኛል።

የወር አበባም እንዲሁ ነው። በዚያ ሰሞን መንቀሳቀስ አይጎዳም፤ እንዲያውም ለብዙዎቹ የሆድ ቁርጠቱን ያቀልላቸዋል። ልጆቹን ከሜዳ የሚያስቀረው ሕመሙ ሳይሆን መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ማጣቱ፣ ሞዴስ መግዣ ገንዘብ ማነሱ ነው። በኮሌጁ ያሉት ልጆች ለዚህ ያገኙት መላ የሚደነቅ ነው። ከቀለባቸው እየቆጠቡ ሞዴስ በጋራ ይገዙና ከቡድኑ ኳስ ጋር በአንድ ከረጢት ያስቀምጡታል። ኳሷ ባለችበት ሁሉ እሱም አለ፤ የቸገራት ሳትጠይቅ ትወስዳለች። የሚያሳስባቸው ልብስ ከሆነም ረጅም ሱሪ ለብሰው፣ ከመካከላቸው ሙስሊሞቹም ሂጃባቸውን አጥብቀው አስረው ነው የሚጫወቱት። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር በ2006 ዓ.ም.፣ የቅርጫት ኳሱም ፌዴሬሽን በ2009 ዓ.ም. የራስ መሸፈኛ ለብሶ መጫወትን ፈቅደዋል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቤታችን የሚሠራ ስሕተት ስለሆነ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው የብረት ማዕድን እጥረት ቶሎ ያገኛቸዋል፤ ያዞራቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ እኛም «ሰነፍ» እንላቸዋለን። ምስሩና ሽሮው፣ ጎመኑና የጤፍ እንጀራው ጥሩ ነው። ነገር ግን ምግቡ ከመውረዱ ሻይ ወይም ቡና ከተከተለው በእህልና በአትክልት ውስጥ ካለው ብረት ብዙው ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ያልፋል። ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩትና በምትኩ ሎሚ ጨመቅ ያድርጉላት፤ ወይም ቲማቲም በቃሪያ ያቅርቡላት። በጾም ወራት ደግሞ ልምምዱ ከምግብ በኋላ እንዲሆን ሰዓቱን መለወጥ ይቻላል። የበረቱ ልጆች ይህንኑ ነው የሚያደርጉት።

ለሴት ልጅ ያልተዘረጋ ሜዳ ሴት ልጅ የማትችለው ተብሎ መቆጠሩ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በ1920 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ «ለሴት አካል ይከብዳል» ተብሎ ውድድሩ ተሠረዘ። የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በ1952ቱ የሮም ኦሊምፒክ ነው። ከኢትዮጵያ ሴቶች መካከል ፋንታዬ ሲራክና አምሳለ ወልደገብርኤል ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፉት በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ነበር። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ የተጀመረው ደግሞ በ1981 ዓ.ም. መግቢያ በሴኡል ነው፤ በዚያ ኢትዮጵያ አልተካፈለችም። በሚቀጥለው፣ ማለትም ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ በአርሲ ከብት ስትጠብቅ ያደገችው ደራርቱ ቱሉ ሮጠችና ወርቁን ወሰደች። ልብ ይበሉ፤ ደጁ በተከፈተ በሁለተኛው ጊዜ፣ አገሯም በተካፈለችበት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋም እሷ ሆነች። እሷም በትምህርት ቤት የ400 ሜትር ውድድር የታወቀውን ወንድ ሯጭ መቅደሟ ተስፋ እንደሰጣት ተናግራለች። ከአራት ዓመት በኋላ በአትላንታ የዚያው የአርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ በማራቶን አሸነፈች።

በበኩሌ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የለተሰንበት ግደይ ነገር ነው። በትግራይ ገጠር ተማሪ ሳለች በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሳ ነበር። መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በስፔን ቫሌንሲያ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሴኮንድ ሮጣ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የሷ መምህራን ከጥላ ሥር ተቀምጠሽ ሹራብ ጠብቂ አላሏትም። ማባረሩ ትክክል ነበር ለማለት አይደለም፤ «ሴት ስለሆነች ትቅር» አለማለታቸውን ለማመልከት ነው። ልጆቻችን ሁሉ ለተሰንበት አይሆኑም፤ ሰማንያ አምስት ማርክ ግን ሠርተው ያግኙት።

ወደ በረቱ ጀርባ ልመልስዎት። እዚያ በሰነበትሁበት ሳምንት ቅዳሜ ዕለት ከአጎራባች ከተማ የመምህራን ኮሌጅ የሴቶች ቡድን መጥቶ ሊጋጠማቸው ነበር። ዓርብ ማታ ችግር ተፈጠረ። የቅዳሜ ከሰዓት የማለብ ተረኞች ዝርዝር ሲወጣ ከስድስቱ ተሰላፊዎች ሁለቱ አሉበት። ተቀያሪ ያላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ስትሆን እሷም እግሯ ወለም ብሏታል። ተራ ለመለዋወጥ የጠየቋቸው ወንድ ተማሪዎች «ለኳሳችሁ ብለን?» አሉ። አምበሏ ማደሪያዋ ገብታ ተከናንባ ተኛች ብለው ነገሩኝ።

የወተት ላሞቹ ኃላፊ ዕድሜያቸው ከሃምሳ የማያንስ፣ ከአጥቢነት ተነሥተው እዚህ የደረሱ ሴት ናቸው። ጠዋት ነገሩን ሲሰሙ ብዙ አልተናገሩም። «ላሟ ማን እንዳለባት አትጠይቅም። እኔ አልባለሁ፤ ሂዱ ልጆቼ» አሉና ባልዲውን አነሡ።

እንግዶቹ ሲመጡ ዋናው ሜዳ መረቡ ከሴቶች ልክ በላይ ስለሆነ አንጫወትበትም አሉ። እንዲህ ሆኖ ጨዋታው ከበረቱ ጀርባ ሆነ። ዳኛው ሜትር ይዞ የመረቡን መካከል ለካ፤ ልክ ሁለት ሜትር ከ24 ነበር። የኮሌጁ ወንዶች በመጀመሪያ ሊስቁ፣ ኋላም ሊያዩ መጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች እንግዶቹ ወሰዱ። ሦስተኛውንና አራተኛውን የእኛዎቹ አሸነፉ («የእኛዎቹ» ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ በዚያ ሰዓት ጋዜጠኛ መሆኔን ረስቼ ነበር)። በአምስተኛው ዙር 12 ለ15 ተሸነፉ። ያቺ ቀጭን ልጅ አለቀሰች። ሁለቱ ተረኞች ላባቸውን ሳያደርቁ ወደ በረት ሮጡ፤ ሲደርሱ አንዲት ላም ብቻ ቀርታ ነበር።

ማታ አምበሏ ለእናቷ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርሁ። ምን እንደሚሏት ፈርታ «ዛሬ ተጫወትን» ብላ ዝም አለች። ከወዲያ ማዶ የመጣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ስንት ለስንት?»

ከመመለሴ በፊት የኮሌጁ አስተዳደር ሁለቱ መንጠቆዎች እንዲበየዱ መፍቀዱን ሰማሁ። በያጁ የተቀጠረው ለማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስደውልላት «መጥቶ መብራት ጠፋበትና ተመለሰ፤ ለሐሙስ ቀጥሮናል» አለችኝ። ከዚያ በላይ ለማውራት ጊዜ አልነበራትም፤ የማለቢያ ሰዓቷ ደርሶ ነበር።